«ቤት አይደል ያለሽው?»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ 28 ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ የኦዲት ቢሮ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አምና አንድ ዘመዳችን ዋሽንግተን አካባቢ የጭነት መኪናዎች ካሉት ሰው ጋር አገናኘኝና የድርጅቱን ሒሳብ ከቤቴ ሆኜ መያዝ ጀመርኩ። ባለቤቱ ሐበሻ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው። ደመወዙ የድሮውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከጀሞ ካዛንቺስ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ ላይ የማጠፋው ጊዜም ስለቀረልኝ ያን ሰሞን ደስታዬን አልችለውም ነበር።

አሁን ግን እየሆነ ያለው ሌላ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ አንዱ ክፍል፣ እኔና 10ኛ ክፍል የምትማረው እህቴ ሌላው ክፍል እንተኛለን። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እየፈለገ ስለሆነ ቤት ነው፤ ሳሎን ይተኛል። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ባለቤቱ ቢሮ የሚገባው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንድገኝለት ይፈልጋል፤ የቀረውን አራት ሰዓት ግን በፈለግሁት ጊዜ መሥራት እችላለሁ። እኔም ጠዋት ልጨርሰው ብዬ 3 ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን እከፍታለሁ፤ ወንድሜ ሲነሳ ወደ ምግብ ጠረጴዛው እዛወራለሁ። ከዚያ ምኑን ልንገርዎት? «ውኃ መጣች፣ በርሜሉን ሙይ»፤ «እስቲ ጤፉን ወፍጮ ቤት አድርሺ»፤ «የ3ኛ ፎቋ ቁልፏን ልትተው ነው፣ ተቀበያት»፤ «እንግዳ መጣ፣ ቡና አፍዪ»። ለቅሶ ቤት ሰው ካነሰም የምላከው እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ ስል እናቴ «ቤት አይደል ያለሽው?» ትለኛለች፤ በክፋት አይደለም። አንድ ጊዜ ተቆጥቼ ጮኽኩባትና ሁለት ቀን ሙሉ ብዙም አላናገረችኝም። እሑድ እሑድ የሰፈሩ የሴቶች ዕቁብ እኛ ቤት ነው፤ መዝገቡን የምትይዘው እናቴ ናት። ያን ቀን ደግሞ ቤቱ ገበያ ነው የሚመስለው።

በሰው ብቻ አላሳብብም። ፋታ ሳገኝም ቲክቶክ እከፍታለሁ፤ «አምስት ደቂቃ» ያልኩት አንድ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ የቀኑን ሥራ የምሠራው ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው፤ ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7፣ አንዳንዴ 8። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቤቱ ሲንጫጫ እነሳለሁ። ባለፈው ወር አንድ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ላክሁ። ባለቤቱ አልተቆጣም፤ «እየከበደሽ ከሆነ ንገሪኝ» ብቻ ነው ያለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ እያለሁ ሰነፍ አልነበርኩም። አሁን ግን ሰነፍ ሆኛለሁ መሰለኝ። ወደ ቢሮ ሥራ ልመለስ? ወይስ ቤት ተከራይቼ ልውጣ? ይምከሩኝ።

«ቤት ናት» ነኝ፣ ከጀሞ

*

እህቴ «ቤት ናት»፣ የብዕር ስምሽ አሳቀኝ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ አሳዘነኝ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ያደረግሁት እስክሪብቶ ይዤ ሰዓትሽን መቁጠር ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ትከፍቻለሽ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትዘጊያለሽ። አሥራ ሰባት ሰዓት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። አንቺ የስምንት ሰዓቱን ሥራ በአሥራ ሰባት ሰዓት ላይ በትነሽው፣ በየመሃሉ ውኃ ቀድተሽ፣ ወፍጮ ቤት ደርሰሽ፣ ቡና አፍልተሽ፣ አምስት ሰዓት ተኝተሽ ትነሺያለሽ። ከዚያ «ሰነፍ ሆኛለሁ» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ! ያ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ የተመዘገበው በስንፍና አይመስለኝም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ በደከመ ዓይን ነው። ቀኑን አስታውሰሽ መዝገቡ የተነካበትን ሰዓት ብታዪው ደስ ይለኛል፤ ልክ ልሁን ልሳሳት።

ስለዚህ «እንዴት ጠንክሬ ልሥራ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው፤ ከዚህ በላይ መጠንከር አትችዪም። ይልቅ አንድ የተረዳሁትን ላጫውትሽ። በአማርኛ ሥራ የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር ነው። «ሥራ ገብታለች»፣ «ከሥራ ስትወጣ እንገናኝ» እንላለን። «ቤት ዋለች» ስንል ግን ወይ አሟታል፣ ወይ ፈቃድ ላይ ናት፣ ወይ እንጀራዋን አጥታለች ማለታችን ነው። እናትሽ «ቤት አይደል ያለሽው?» ሲሉ ሥራሽን ንቀው ላይሆን ይችላል፤ ሳትወጪ እንዴት እንደገባሽ አልታያቸው ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአንቺም አልታየሽም። አልጋ ላይ የተጀመረ ሥራ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀጥሎ ተመልሶ አልጋ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ የቱ ጋ ገባሽ? የቱ ጋ ወጣሽ?

እኔም ደርሶብኛል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ የእኛም መሥሪያ ቤት ከቤታችሁ ሥሩ ሲለን፣ ለሦስት ሳምንት በር ላይ ወንበር አውጥቼ ስጽፍ ያየኝ የግቢያችን ጥበቃ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል፤ ሥራ ይገኛል» አለኝ። ለካ የተባረርኩ መስዬዋለሁ። በማግስቱ ጫማዬን አድርጌ፣ ቦርሳዬን ይዤ በግቢው በር ወጣሁ፤ አንድ ዙር ዞሬ ተመልሼ ገባሁና ጻፍኩ። እሱን ለማሳመን ነበር ያደረግሁት። የገረመኝ ግን ራሴም ማመኔ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ፤ የነገርሽ ቁልፍ እሳቸው ጋ ያለ ይመስለኛል። በደብዳቤሽ እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ እናትሽ የዕቁቡን መዝገብ ይይዛሉ። እህቴ፣ እኮ እናትሽም ሒሳብ ያዥ ናቸው! እሑድ ሴቶቹ ገንዘባቸውን ሲያስቆጥሩ፣ እሳቸው ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት እያሉ ሲያወራርዱ፣ በመሃል አንዷ «እስቲ ስኳሩን አቀብዪኝ» ብትላቸው ምን ይላሉ? «ቆይ፣ ቁጥር ይጠፋብኛል» አይሉም? የአንቺም ሥራ ይኸው ነው። ልዩነቱ የሾፌሮቹ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የጭነቱ ክፍያና ደመወዙ በላፕቶፕ መያዙ ነው። ይህን በቁጣ ሰዓት አይደለም የምትነግሪያቸው። በሚቀጥለው እሑድ ዕቁቡ ተበትኖ መዝገቡን ሲዘጉ አጠገባቸው ቁጭ በይ፤ ላፕቶፕሽን ክፈቺና አሳያቸው። «እማዬ፣ ያንቺ መዝገብ ይኸው፤ የእኔ ደግሞ ይሄ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው ሁለቴ ጻፍኩ።» የዕቁብ ጸሐፊ አንድ ሰው ሁለቴ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ከማንም የተሻለ ያውቃል።

በዚያው ሰዓት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ እባክሽ ለእኔም መልሱን ጻፊልኝ። ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚጠሩሽ ጠይቂያቸው። እኔ ስገምት ሁሉም ጥሪ ስለ ጤፍና ስለ በርሜል አይደለም። አባትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው ብለሻል። አንቺ ካዛንቺስ ስትውዪ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር የሚውለው፤ አሁን ልጃቸው ግድግዳውን ተሻግራ እየተነፈሰች ናት። አንዳንዱ «ነይ ቡና አፍዪ» «ነይ አጫውቺኝ» ማለት ነው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ልክ ከሆንኩ ግን መፍትሔው እናትሽን መከልከል አይሆንም፤ የራሳቸው የሆነ፣ የማይነካ ሰዓት መስጠት ነው።

የምሥራቹን ልንገርሽ፦ ይህን ለማድረግ ሰዓትሽ ይበቃል። ባለቤቱ «በፈለግሽው ጊዜ» ያለሽ አራት ሰዓት እንደ ስጦታ ነው የመጣልሽ፤ የጎዳሽም እሱ ነው። በፈለግሽው ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሌላው ሰው በፈለገው ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ቀጠሮ እናውጣለት። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 አራቱን ሰዓት ሥሪ። 6፡30 ላይ ሥራ ወጣሽ። ምሳ ትበያለሽ፣ ወፍጮ ቤት ትሄጃለሽ፣ ፀጉርሽን ትሠሪያለሽ፣ ካስፈለገም ትተኛለሽ። 8 ሰዓት ላይ የእናትሽ ቡና ነው፤ አቦሉን ጠጥቶ መሮጥ ሳይሆን እስከ በረካ ድረስ፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ሆኖ። 10 ሰዓት ላይ ትገቢያለሽ፤ 2 ሰዓት ምሽት ላይ ትወጫለሽ። ስምንት ሰዓት ሞላ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ይዘጋል፤ ሌሊቱ የእንቅልፍ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አትርሺ፦ አሜሪካኖቹ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እኛ ደግሞ አንነካም። ያኔ የባለቤቱ ጠዋት በእኛ 11 ሰዓት ይሆንና ምሽትሽ እስከ 3 ይገፋል፤ እስከ መጋቢት መግቢያ። ቀድመሽ ለቤተሰቡ ንገሪ፤ አለዚያ አንድ ሰኞ ሁሉም ነገር ድንገት ይዛባብሻል።

«ጠዋት አራት ሰዓት ያለ ጥሪ? በእኛ ቤት?» ስትዪ ይሰማኛል። እንግዲህ ስለ ወንድምሽ እናውራ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ወንድምሽ ያለው በሁለት ቦታ ነው፦ ሥራ ይፈልጋል፣ ሲነሳ ትዛወሪለታለሽ። ቤት ያለው እሱ ነው! ውኃ ስትመጣ በርሜሉን፣ የ3ኛ ፎቋ ቁልፏን ስትተው ቁልፉን፣ ጤፉን፣ ሁሉንም ሥራ ያላት አንቺ እየሠራሽ፣ ሥራ የሌለው ልጅ ሳሎን ተኝቷል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ማንም ደግሞ አላሰበበትም። ቤታችን ውስጥ ሴት ልጅ ትጠራለች፣ ወንድ ልጅ ይተኛል፤ እኔም ቤት ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከእሱ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ዲግሪ ይዞ ሥራ ማጣት የሚያሳፍረው ጊዜ ላይ ነው፤ «ሥራ ፈት» ከሚል ቃል ተጠንቀቂ። «ጠዋት እስከ 6፡30 ቤቱን አንተ ያዝልኝ፤ በሩ ሲንኳኳ፣ ውኃ ስትመጣ፣ ሰው ሲጠራ አንተ ነህ። ከ6፡30 በኋላ እኔ እረከብሃለሁ» በይው። ከአንቺ ደመወዝ የኪስ ገንዘብ ትሰጪው እንደሆነ አላውቅም፤ ከሰጠሽው ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ወደ ሥራ ፍለጋም ከሰዓት በኋላ መውጣት ይችላል። አንድ ጠዋት ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ቢኖረው ያን ቀን ብቻ ትተኪዋለሽ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከአልጋው ውረጂ። ምግብ ጠረጴዛውም የሁሉም ነው። እህትሽ ትምህርት ቤት ስትሄድ መኝታ ክፍላችሁ ባዶ ነው፤ በር አለው፤ በር ያለው ክፍል ደግሞ በዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ሲትሪፕ የተባለ የቻይና የጉዞ ድርጅት የስልክ ማዕከል ሠራተኞቹን ለዘጠኝ ወር ከቤታቸው ሲያሠራ፣ የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ተከታትለው አጥንተውት ነበር። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ። ይህን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙም የማይነገረው ግን ለመግባት ቅድመ ሁኔታ እንደነበረ ነው፦ የራሱ የሥራ ክፍል ያለው ሰው ብቻ ነበር የሚመረጠው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራት ሰው ሆነው የሚኖሩትን አልመረጡም ማለት ነው። ስለዚህ ራስሽን ከነሱ ጋር አታወዳድሪ፤ በሩን ግን ተዋሺው። አንዲት ትንሽ ጠረጴዛና ደህና ወንበር መስኮቱ ሥር አስገቢ። ምልክቱ ይህ ይሁን፦ በሩ ሲዘጋ ቢሮ ነኝ፣ ሲከፈት ቤት ነኝ። ከሰዓት በኋላ እህትሽ ትመጣለች፤ ከ10 እስከ 2 እሷ ሳሎን ታጥና ወይስ አንቺ ትዛወሪ የሚለውን ከእሷ ጋር ተደራደሪ። እሷም ፈተና አለባት፤ ክፍሉ የእሷም ነው።

በሩን የሚያስከፍተው ነገር ምን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። በሽታ፣ እሳት፣ ወንድምሽ በሌለበት የመጣች ውኃ። ውኃን የጨመርኩት ኮንዶሚኒየም ስለማውቅ ነው፤ ተራዋን ካሳለፍሻት ሳምንት ሙሉ የምትከፍዪው አንቺው ነሽ። ለቅሶ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነሽ፦ የቅርብ ሰው ከሆነ ለባለቤቱ ነግረሽ ፈቃድ ትወስጃለሽ፤ የሰፈር ከሆነ ከ6፡30 እስከ 10 ባለው ትደርሻለሽ። ካዛንቺስ ስትሠሪ «ለምን ጠዋት አልመጣችም?» ያለሽ ሰው አልነበረም።

ከ2፡30 በፊት ደግሞ ልበሺ። ፒጃማሽን ቀይሪ፣ ጫማ አድርጊ፣ አራቱን ፎቅ ውረጂና ዳቦ ገዝተሽ ተመለሺ። ዳቦውን ለእናትሽ ስጪ፤ «ሥራ ገባሁ» በይና በሩን ዝጊ። ቀልድ ይመስልሻል። የእኔን ጥበቃ አስታውሺ።

ስለ ቲክቶኩ ብዙ አልልም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ያላት የወጥ ቤት ሰዓት እየሞላ 25 ደቂቃ ያጠና፣ አምስት ደቂቃ ያርፍ ነበር፤ ዘዴው በጣሊያንኛው የቲማቲም ስም ፖሞዶሮ ተብሎ ዓለምን ዞረ። ደረሰኝ ለማስገባት ይጠቅምሻል። የባንክ ሒሳብ ስታመሳክሪ ግን በ25 ደቂቃ አትቁረጪው፤ ክሩ ይበጠስብሻል፣ እስኪያልቅ ግፊበት። ስልኩን በሚመለከት፣ ስልክሽን የሚቆልፍ አፕሊኬሽን አልመክርሽም፤ የቆለፈ እጅ ይከፍታል። ሳሎን ቡፌው ላይ ይቀመጥ። «ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ ነው» ካልሽ ደግሞ አንድ አሮጌ ስልክ ፈልጊና ሲም አስገቢበት፤ ኢንተርኔት ማካፈል ብቻ ይሁን ሥራው፤ ቲክቶክ አይጫንበት።

መብራት ላይ አቅም የለሽም፤ መዘጋጀት ግን ትችያለሽ። ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ፣ ላፕቶፕሽ ባትሪ እያለው የሚጠፋብሽ ራውተሩ መብራት ስላጣ ነው። ለራውተር ብቻ የሚሆኑ ትንንሽ ዩፒኤስ አሉ፤ ጥቂት ሰዓት ያቆዩታል። ስትገዢ ቮልቱ ከራውተርሽ ጋር መግጠሙን አረጋግጪ፤ ብዙዎቹ ራውተሮች 12 ቮልት ናቸው። ሲሞችሽም የአንድ ኩባንያ ብቻ አይሁኑ፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም ቢሆን አንዱ ሲደክም ሌላው ያወጣሻል። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩትን ለይተሽ አስቀምጪ፦ የሾፌሮቹን ደረሰኝ በቀን መደርደር፣ ኤክሴል ላይ የሚመሳከረውን ማመሳከር። መብራት ሲሄድ «ዛሬም አበቃ» ከማለት «የደረሰኝ ሰዓት ደረሰ» ማለት ይሻልሻል።

ቤት ልከራይ ወይ ላልሽው፣ ቸኩለሽ አትወስኚ። መውጣት ኃጢአት አይደለም፤ 28 ዓመት ሆኖሻል፤ የራስሽን ደጅ መፈለግሽ ተገቢ ነው። ግን ልጠይቅሽ፦ መውጣት የምትፈልጊው ለሥራው ነው ወይስ ለራስሽ? ለራስሽ ከሆነ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ በደንብ እናውራበታለን። ለሥራው ብቻ ከሆነ ግን ኪራዩን መክፈል ከመጀመርሽ በፊት አራት ሳምንት ይህን ሞክሪ። ብቸኛ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራ አይወጣለትም። በዚያ የቻይና ጥናት ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ገሚስ የሚሆኑት በኋላ ምርጫ ሲሰጣቸው ወደ ቢሮ ተመልሰዋል፤ ዋና ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር። አንቺም ከአራት ሳምንት በኋላ ቢሮ፣ የሻይ ሰዓት፣ የሥራ ባልደረባ ናፍቆኛል ካልሽ መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ገንዘቡን ግን በቅድሚያ አስልተሽ። መሃል መንገዱም አለ፦ በሳምንት አንድ ሁለት ጠዋት 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ሥሪ። ከጀሞ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፤ ስልክ የሚያስወራ ሥራም አይሠራበትም። ጠዋት የምትሠሪው ግን ዝም ብሎ የሚሠራ ነው፤ በዙሪያሽ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ አንቺም ማፈር ትጀምሪያለሽ።

የቀረው ባለቤቱ ነው። «እየከበደሽ ከሆነ ንገሪኝ» ያለ ሰው በሩን ከፍቶልሻል፤ አንቺ ግን ከፍርሃትሽ የተነሳ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የሰማሽው። እስካሁን መልስ ሰጥተሽዋል? ደብዳቤሽ አይልም። ዝምታ በሩቅ ሲታይ መጥፎ ይመስላል፤ አጠገብሽ ቢሆን ፊትሽን አይቶ ይረዳሽ ነበር፤ እሱ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። የመብራቱን፣ የውኃውን፣ የወፍጮውን ታሪክ አትዘርዝሪለት፤ እሱም ከዚሁ የወጣ ነው፣ ያውቀዋል። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኢንቮይሱ ስሕተት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አስተካክዬዋለሁ። የደረሰው ሌሊት በመሥራቴ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቴን ቀይሬያለሁ። በእኛ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 የራሴን ሥራ፣ ከ10 እስከ ምሽቱ 2 ከእርስዎ ጋር። ስወጣ በየቀኑ ያለቀውንና የቀረውን በሁለት መስመር እልክልዎታለሁ። የሾፌሮቹን ክፍያ ሐሙስ አዘጋጅቼ፣ ዓርብ ጠዋት በትኩስ ዓይን ደግሜ አይቼ ነው የምልከው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዴት እንዳገኙት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

የሁለቱ መስመር ነገር ለእሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማታ 2 ሰዓት ላይ «ይህን ጨረስኩ፣ ይህ ቀረ» ብለሽ ስትልኪ ሥራ ወጣሽ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን የምትከፍችበት ምክንያት አይኖርሽም። የመጀመሪያው ሳምንት ይበላሻል፤ ማክሰኞ ላይ አንዲት እንግዳ መጥታ በሩን ታንኳኳለች፣ ወንድምሽ ይረሳል፣ እናትሽ በልማድ ይጠራሉ። አትጩኺ። በሩን ገርበብ አድርገሽ «እማዬ፣ ቁጥር ይጠፋብኛል፤ 6፡30» በያቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ ነው።

እሑድ ከእናትሽ ጋር፣ እሑድ ማታ ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሩ። መልእክቱን ደግሞ ሰኞ ከ10 ሰዓት በፊት ላኪው፤ እዚያ ሲነጋ ባለቤቱ ስልኩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።